ሁለት ትሎች

በሁለት ጥንታዊ ታሪኮች ውስጥ አንዲት ትል የሰውን ሕይወት ትቀይራለች። አንደኛዋ በሜሶጶጣሚያ፣ በኡሩክ ከተማ፣ ከሞተ ሰው አፍንጫ ትወድቃለች፤ ያያት ንጉሥ ዙፋኑን ጥሎ በረሃ ይገባል። ሁለተኛዋ በአክሱም አገር፣ ማይ ኪራህ በሚባል ስፍራ፣ ዛፍ ላይ ለመውጣት ትታገላለች፤ ያያት ልጅ ኮብልሎ ወደ ወጣበት ትምህርት ቤት ይመለሳል። አንደኛዋ «ትሞታለህ» ትላለች፤ ሁለተኛዋ «ትችላለህ»። ሰው እንዴት ይለወጣል ለሚለው ጥያቄ የቀደሙት ሰዎች ሁለቱንም መልስ ጠብቀው አቆይተዋል። የዛሬ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ታሪክ የጊልጋሜሽ ነው። ስለ እርሱ የተገጠሙት የሱመር ግጥሞች ዕድሜያቸው 4,000 ዓመት ገደማ ይሆናል። በሰፊው የሚታወቀው ቅጂ በ12 የሸክላ ጽላቶች የተጻፈ ሲሆን፣ የባቢሎን ሊቃውንት ሲን ሌቂ ኡኒኒ የሚባል ጸሐፊ እንዳዘጋጀው ይናገሩ ነበር። ታሪኩ ሲጀምር ጊልጋሜሽ የሕዝብ ሸክም ነው። ሁለት ሦስተኛው አምላክ፣ አንድ ሦስተኛው ሰው የሆነ፣ ጉልበቱ የሚያደርገውን ያሳጣው ወጣት ንጉሥ ነው። ወንድ ልጅን ከአባቱ፣ ሙሽራዪቱን ከባሏ ይነጥላል። የኡሩክ ሰዎች አቤቱታም ወደ አማልክቱ ይደርሳል።

አማልክቱ የሰጡት መልስ ያልተጠበቀ ነው። ንጉሡን በመብረቅ አልመቱትም፤ ዙፋኑንም አልነጠቁትም። አሩሩ የተባለችው አምላካቸው ጭቃ ቆንጥራ በጉልበት የሚመጥነውን ሰው ሠራችለት። ስሙ ኤንኪዱ ነው። ከላይ የመጣ ቅጣት ጊልጋሜሽን ፍርሃት ባስተማረው ነበር፤ ከታች የመጣ ልመና ንቀቱን ባባሰው ነበር። ፊት ለፊት ቆሞ የሚያየው ሰው ግን እስከዚያች ቀን ድረስ አልነበረውም። ከሁሉ በላይ የሆነ ሰው ራሱን የሚያይበት መስተዋት የለውም፤ ገጣሚው ይህን ስለተረዳ የጊልጋሜሽን ለውጥ የጀመረው እኩያ በመስጠት ነው።

ኤንኪዱ ራሱ ወደ ከተማ ከመግባቱ በፊት መለወጥ ነበረበት። ከሚዳቋ ጋር ሣር እየጋጠ፣ ከአራዊት ጋር ውኃ እየወረደ ያደገ ነው። ሻምሃት የተባለች ሴት ወደ ውኃው ዳር ተልካ ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት አብራው ቆየች። ከዚያ በኋላ ወደ መንጋው ሲመለስ ሚዳቋዎቹ ሸሹት። ሊከተላቸው ቢሮጥ ጉልበቱ ከዳው፤ ማስተዋሉ ግን ሰፋ። እረኞች ዳቦና የገብስ ጠላ አቀረቡለት፤ በላ፣ ጠጣ፣ ገላውን ታጠበ፣ ልብስ ለበሰ። ግጥሙ ዋጋውን አይደብቅም፦ ፍጥነቱን ሰጠ፣ አብሮ አደጎቹን አጣ፣ ሰው ሆነ።

ይህ ዋጋ በኋላ ጥያቄ ሆኖ ተመልሶ ይመጣል። ኤንኪዱ በሞት አልጋው ላይ ተኝቶ ሻምሃትን ረገማት፤ እርሷ ባትመጣበት ኖሮ በሜዳው በቀረ ነበር። የፀሐይ አምላክ ሻማሽ ከሰማይ ሆኖ መለሰለት። ያበላችህን እህል፣ ያጠጣችህን መጠጥ፣ ያለበሰችህን ልብስ፣ ያገናኘችህን ወዳጅ ለምን ትረሳለህ አለው። የኤንኪዱ ቁጣ በረደ፤ እርግማኑን አንሥቶ መረቃት። በአራት ሺህ ዓመት ውስጥ ስለ ለውጥ ከተነገሩት ታሪኮች ሁሉ ይህን ያህል ሐቀኛ የሆነው ጥቂት ነው። ለውጥ ያስከፈለውን ያህል የሰጠው መሆኑን ሰው የሚያመዛዝነው በጨለማ ሰዓት ነው፤ ሚዛኑን የሚይዝለትም ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው።

ጊልጋሜሽና ኤንኪዱ መጀመሪያ በበር ላይ ተናንቀው ታገሉ፤ ከዚያ ተሳሳሙ፤ ወዳጅ ሆኑ። አብረው ወደ ዝግባው ደን ዘመቱ፣ የደኑን ጠባቂ ሁምባባን ገደሉ፣ አምላካቸው ኢሽታር የላከችውን የሰማይ ኮርማም ጣሉ። አማልክቱ ተሰብስበው ከሁለቱ አንዱ እንዲሞት ፈረዱ። ኤንኪዱ በጦር ሜዳ እንኳ ሳይሆን አልጋ ላይ፣ ለ12 ቀን ታሞ ሞተ።

ጊልጋሜሽ ሬሳውን አላስቀብርም አለ። በለቅሶዬ ብዛት ይነሣ ይሆናል ብሎ ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት ተቀመጠ። ትሏ የወደቀችው ከዚያ በኋላ ነው።

ያቺ ትል ከሐዘን የባሰ ነገር ይዛ መጣች፤ «እኔስ?» የሚለውን ጥያቄ። ጊልጋሜሽ ልብሰ መንግሥቱን አውልቆ የአንበሳ ቆዳ ለብሶ ሸሸ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። በአገሩ ወግ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ ድንኳን ይጣላል፣ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፣ ጎረቤት እህል ይዞ ይመጣል፣ አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች። ጊልጋሜሽ ለወዳጁ ታላቅ ቀብር አድርጎለታል፤ ለራሱ ግን አጽናኝ አልፈለገም። ሐዘኑን ይዞ ብቻውን ወጣ፤ ፍለጋውም ሞትን ድል የሚያደርግ መድኃኒት ሆነ።

በመንገዱ ላይ ያገኙት ሰዎች ሁሉ የሚያዩት አንድ ነገር ነው፦ ፊቱ የጠወለገ፣ ጉንጩ የጎደጎደ መንገደኛ። ጊንጥ መሰል ዘበኞች በሚጠብቁት ተራራ ሥር ፀሐይ በምታልፍበት ዋሻ ውስጥ ጨለማውን አቋረጠ። በባሕር ዳር መጠጥ ቤት ያላት ሲዱሪ ገና ስታየው በሯን ቀረቀረች። ከዋናው ቅጂ በሚቀድመው የጥንት ባቢሎን ቅጂ ሲዱሪ ምክር ትሰጠዋለች። አማልክት ሞትን ለሰው ልጅ መድበዋልና ብላ፣ ታጠብ፣ ንጹሕ ልብስ ልበስ፣ እጅህን የያዘውን ልጅ ተመልከት፣ ሚስትህን ደስ አሰኛት ትለዋለች። ምክሩን አልተቀበለም። ምክር ትክክል መሆኑ ብቻ ሰውን አይለውጠውም፤ ጊልጋሜሽ ገና የሚሄድበት መንገድ ነበረው።

በመጨረሻ የሞትን ውኃ በጀልባ ተሻግሮ፣ ከጥፋት ውኃ ተርፎ ዘለዓለማዊነት የተሰጠው ኡታ ናፒሽቲ ዘንድ ደረሰ። ሽማግሌው ፈተና ሰጠው፦ ሞትን ልታሸንፍ ከሆነ እስቲ መጀመሪያ እንቅልፍን አሸንፍ፤ ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት አትተኛ። ጊልጋሜሽ ገና እንደተቀመጠ እንቅልፍ እንደ ጉም ወረደበት። የሽማግሌው ሚስት በየቀኑ አንዳንድ ዳቦ እየጋገረች በራስጌው አኖረች፤ ቀኑንም በግድግዳው ላይ ምልክት አደረገች። ሲነቃ ለቅጽበት እንጂ አልተኛሁም ሊል ፈለገ። ዳቦዎቹ ግን ተደርድረው ነበር። የመጀመሪያው ደርቋል፣ ሌላው ሻግቷል፣ ሰባተኛው ገና ፍም ላይ ነው። ግጥሙ ሰውን ከራሱ ጋር ለማፋጠጥ ስብከት አላስፈለገውም፤ ሴቲቱ የጋገረችው ዳቦ በቃ።

ለማጽናኛ ያህል ሽማግሌን ወጣት የሚያደርግ የባሕር ውስጥ ተክል ተነገረው። ድንጋይ እግሩ ላይ አስሮ ጠለቀ፤ አወጣው። ይዤ ወደ ኡሩክ እገባለሁ፣ መጀመሪያ ለአንድ ሽማግሌ አቀምሳለሁ አለ። በመንገድ ላይ ቀዝቃዛ ኩሬ አይቶ ገላውን ሊታጠብ ሲወርድ እባብ ሽታውን ተከትሎ መጣና ተክሉን ወሰደ፤ እየሄደም ቆዳውን ገፈፈ። ጊልጋሜሽ ተቀምጦ አለቀሰ። የፈለገውን ሁሉ አጥቷል፤ ታሪኩ ግን ገና አላለቀም።

ሁለተኛዋ ትል ያለችው በቅዱስ ያሬድ ገድል ውስጥ ነው። ለምእመናን ይህ የቅዱሳን ታሪክ እንጂ ተረት አይደለም፤ እዚህም የሚነሣው ያንኑ ጥያቄ ስለሚመልስ ነው። ያሬድ በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም የኖረ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የዜማ አባት ነው። ገድሉ እንደሚተርከው በልጅነቱ አጎቱ አባ ጌዴዎን ዘንድ ለትምህርት ገባ። ትምህርቱ ግን አልገባው አለ፤ ተገረፈ፤ ኮበለለ። ማይ ኪራህ ሲደርስ ከዛፍ ጥላ ሥር አረፈ። አንዲት ትል የዛፉን ፍሬ ለመብላት ግንዱን ትወጣለች፤ መሀል ላይ ስትደርስ ትወድቃለች። ስድስት ጊዜ ወደቀች፤ በሰባተኛው ወጣች። ልጁ ይህን አይቶ አለቀሰ፤ ወደ መምህሩ ተመልሶ ይቅርታ ለመነ። ከዚያ በኋላ አእምሮው ተከፈተለት፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት የዜማ ስልቶችና ድጓው ከእርሱ ወረዱ።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሰባት ቁጥር ላይ መቆሙ አይቀርም። ትሏ በሰባተኛው ሙከራ ትደርሳለች። ጊልጋሜሽ በሰባተኛው ቀን ተኝቶ ይገኛል። አንዱ ታሪክ ጽና ይላል፤ ሌላው ወሰንህን እወቅ ይላል። ሁለቱም እውነት ከሆኑ፣ ሰው በሕይወቱ መንታ መንገድ ላይ ቆሞ የትኛውን ይስማ?

መልሱ በፈላጊዎቹ ጉልበት ላይ አይገኝም። በጽናት ጊልጋሜሽን የሚያህል የለም፤ ጨለማ አቋርጧል፣ የሞትን ውኃ ተሻግሯል፣ ባሕር ጠልቋል። ልዩነቱ የተፈለገው ነገር ነው። ያሬድ የፈለገው ከእርሱ በፊት ሌሎች የተማሩትን መማር፣ ከእኩዮቹ ጋር በአንድ ጉባኤ መቀመጥ ነው። ጥረቱ ወደ ሰዎች መሀል የሚያስገባ ነበር። ጊልጋሜሽ የፈለገው በሰው ሁሉ ላይ ከሚደርሰው ነገር ብቻውን ማምለጥ ነው። ጥረቱ ከሰዎች መሀል የሚያስወጣ ነበር። ለኤንኪዱ ለውጥም ይኸው መስፈሪያ ይሠራል፦ ፍጥነቱን ያጣው በእረኞች ገበታ ዙሪያ ለመቀመጥ ነው። የጥንት ታሪኮች የሚያከብሩት ለውጥ ሰውን ወደ ሰው ዕጣ የሚያገባውን ነው። የሚያስጠነቅቁት ደግሞ ከዚያ ዕጣ ነፃ ስለ መውጣት ነው።

በዚህ ዓይን ሲታይ የዛሬው የራስ ለውጥ ገበያ ብዙ ነገር ይጎድለዋል። በአዲስ አበባ የመጻሕፍት መደብሮችና መንገድ ዳር፣ በአነቃቂ ንግግር መድረኮች፣ በስልክ ላይ በሚሠራጩ አጫጭር ቪዲዮዎች የሚነገረው የያሬድ ትል ታሪክ ነው፤ ያውም ግማሹ። መውደቅና መነሣቱ ይነገራል፤ ወደ መምህር ተመልሶ ይቅርታ መለመኑ ይቀራል። የኡሩክዋ ትል ደግሞ ጨርሶ አትነሣም። እናቱን ቀብሮ የመጣ ሰው፣ ከሕመሙ እንደማይድን የተነገረው ሰው፣ ስደት ላይ ወጣትነቱን የጨረሰ ሰው «ከጣርክ ይሆናል» የሚል ቃል ሲሰማ፣ ያልሆነለት ስላልጣረ እንደሆነ ወደ ማመን ይሄዳል። ይህ ቃል የሚያቆስለው የደከሙትን ነው፤ ስለዚህ ዝም ሊባል አይገባውም።

ጥንታዊ ታሪኮችም ራሳቸው ከዚህ ገበያ አልዳኑም። አሜሪካዊው ጆሴፍ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ የዓለም ጀግኖች ሁሉ አንድ መንገድ ይከተላሉ አለ፦ ከቤት መውጣት፣ መፈተን፣ በረከት ይዞ መመለስ። ሐሳቡ የስታር ዋርስ ፊልም ሠሪውን ጆርጅ ሉካስን ጠቅሟል፤ ከዚያም ወደ ፊልም ጽሑፍ ትምህርትና ወደ ሕይወት ክህሎት ሥልጠና ገባ። ካምቤል ብዙ አንባቢን ወደ ቀደሙት ታሪኮች መልሷልና ምስጋና ይገባዋል። ቀመሩ ሲደጋገም ግን ታሪኮቹ የስኬት ካርታ መምሰል ጀመሩ። ጊልጋሜሽ በዚህ ካርታ ላይ በደንብ አይቀመጥም፤ ይዞት ሊመለስ የነበረውን በረከት እባብ ወስዶበታል።

አንድ ጥንታዊ ቃል የሰውን ሕይወት እስከ ምን ድረስ ሊቀርጽ እንደሚችል የሚያሳይ ምስክር ኢትዮጵያ ውስጥ አለ፤ ከጊልጋሜሽ ጽላቶችም ጋር በአንድ ሰው በኩል ይገናኛል። ሆርሙዝድ ራሳም እ.ኤ.አ. በ1826 በሞሱል ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1853 በነነዌ ፍርስራሽ ላይ ሲቆፍር የንጉሥ አሹርባኒፓልን ቤተ መንግሥት አገኘ፤ ካወጣቸው የሸክላ ጽላቶች መካከል የጊልጋሜሽ ታሪክ ይገኝበት ነበር። በኋላ ወደ እንግሊዝ መንግሥት አገልግሎት ገብቶ ኤደን ተመደበ። ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን ባሰሩ ጊዜ የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ይዞ የተላከው እርሱ ነበር። በጥር 1858 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተገናኘ፤ መጀመሪያ በክብር ተቀበሉት፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ጥርጣሬ ገባ፤ ራሳምም ከሌሎቹ ጋር መቅደላ ላይ ታሰረ።

ያሰሩት ንጉሥ በጥንታዊ ተስፋ ራሳቸውን የለወጡ ሰው ነበሩ። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው መጽሐፍ ከብዙ መከራ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣና ሰላም እንደሚያመጣ ይናገራል። የቋራው ካሣ ኃይሉ መሳፍንቱን አሸንፈው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ ያንን ስም ወሰዱ። የተበታተነችውን አገር አንድ የማድረግ ራእያቸው እስከ ዛሬ የሚያስከብራቸው ነው፤ ስሙም ኃይል ሰጥቷቸዋል። ግን በትንቢት ስም የሚጠራ ሰው እንደ ሌላው ሰው መሳሳትና ማፈግፈግ ይከብደዋል። አጠገባቸው ቆመው የሚገሥጿቸው፣ እርሳቸውም የሚሰሟቸው ሰዎች እየቀነሱ ሄዱ። ከሚወዷት ባለቤታቸው ከእቴጌ ተዋበች ሞት በኋላ ጠባያቸው እየከበደ መሄዱን የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲሰብር በእጃቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። ታሪካቸውን በፍቅር የሚያነብ ሰው ኤንኪዱን የሚያህል እኩያ እስከ መጨረሻው አጠገባቸው ቆሞ ቢሆን ብሎ መመኘቱ አይቀርም።

ራሳም መቅደላ ላይ በሰንሰለት በነበረበት ጊዜ እርሱ ያወጣቸው ጽላቶች ለንደን ውስጥ ሳይነበቡ ተቀምጠው ነበር። ያነበባቸው ጆርጅ ስሚዝ የተባለ ሰው ነው። በ14 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ የገንዘብ ኖት ሥዕል መቅረጽ የተማረ የእጅ ባለሙያ ነበር። በምሳ ሰዓቱ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም እየሄደ የኩኒፎርም ጽሕፈትን በራሱ ጥረት አጠና። ሥራውን ያዩት የሙዚየሙ ሊቃውንት አስጠጉት፤ እ.ኤ.አ. በ1867 ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። እ.ኤ.አ. በ1872 የጥፋት ውኃውን ታሪክ አገኘ፤ ታኅሣሥ ወር ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን በተገኙበት ጉባኤ አነበበው። ከአራት ዓመት በኋላ በ36 ዓመቱ በምርምር ጉዞ ላይ ሳለ ሶርያ ውስጥ፣ በሐለብ፣ ታሞ ሞተ። የያሬድ ትል ጽናት ነበረው፤ በዚያ ጽናቱ ያወጣልን ደግሞ የኡሩክዋን ትል ታሪክ ነው።

ታሪኮቹ ዛሬም በሰው ላይ እንደሚሠሩ ከሚያሳዩት መካከል የወታደሮቹ ጉዳይ ይገኛል። ጆናታን ሼይ በቦስተን የቬትናም ዘማቾችን ያክም የነበረ የአእምሮ ሐኪም ነው። ሕመምተኞቹ የሚናገሩት ነገር በሆሜር ኢሊያድ ውስጥ ያለውን አኪሊስን አስታወሰው፦ በአዛዡ የተካደ፣ ወዳጁ ፓትሮክለስ የተገደለበት፣ ከዚያም በቁጣ ራሱን የሳተ ጦረኛ። እ.ኤ.አ. በ1994 በዚህ ላይ መጽሐፍ አሳተመ። ጥንታዊው ግጥም ለዘማቾቹ መድኃኒት አልሆነም፤ ግን ከእነርሱ በፊት ሌላ ሰው በዚህ መንገድ እንዳለፈ ነገራቸው።

ብራያን ዶሪስ የተባለ የቴአትር ሰው ከዚህ አንድ እርምጃ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2008 በሳን ዲዬጎ ለማሪን ጦር ዘማቾችና ለትዳር ጓደኞቻቸው የሶፎክለስን ሁለት ተውኔቶች አስነበበ። በአንደኛው አያክስ ክብሩ ተነካብኝ ብሎ አእምሮውን ስቶ ከብት ያርዳል፤ ሲነቃ ኀፍረቱን መቋቋም አቅቶት በሰይፉ ላይ ይወድቃል፤ ሚስቱ ቴክሜሳ እብደቱን በዓይኗ ታያለች፤ ሬሳውንም የምታገኘው እርሷ ናት። በሌላው ፊሎክቴተስ በሚሸት ቁስሉ ምክንያት ጓዶቹ በሌምኖስ ደሴት ጥለውት ዓመታት ብቻውን ይኖራል፤ በኋላ ግን ያለ እርሱ ትሮይ እንደማትያዝ ሲያውቁ ሊፈልጉት ይመጣሉ። ንባቡ ሲያልቅ የተጀመረው ውይይት ከተመደበለት ሰዓት እጅግ አለፈ። በቤታቸው ለዓመታት ያልተናገሩትን ዘማቾችና ሚስቶች ቆመው ተናገሩ። ሶፎክለስ ራሱ በአቴንስ የጦር አዛዥ ሆኖ አገልግሏል፤ ተመልካቾቹም አብዛኞቹ የዘመቱ ዜጎች ነበሩ። ተውኔቱ ከመጀመሪያውም የተጻፈው አብሮ ለመስማት ነው።

የዶሪስን አዳራሽ ከአነቃቂ መድረክ የሚለየው ተናጋሪው ማን እንደሆነ ነው። በመድረኩ ላይ የተሳካለት አንድ ሰው ይናገራል፣ ብዙዎች ያጨበጭባሉ። በአዳራሹ የተሸነፈ ሰው ታሪክ ይነበባል፣ ከዚያ ብዙዎች ይናገራሉ። ቁስለኛው ከደሴቱ የሚወጣው እዚያ ነው። ከጦርነት ብዙ ልጆቿ ተጎድተው ለተመለሱባት ኢትዮጵያም ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ሙሾና እንጉርጉሮ፣ ገድልና ተረት ያለው ሕዝብ ቁስሉን አብሮ የሚሰማበት ቃል በእጁ አለ፤ የሚያስፈልገው መቀመጫና አድማጭ ነው።

ጊልጋሜሽ ከእባቡ በኋላ ወደ ኡሩክ ተመለሰ፤ ብቻውን ግን አልነበረም። የሞትን ውኃ ያሻገረው ጀልበኛ ኡርሻናቢ ጊልጋሜሽን በማምጣቱ ከሥራው ተባሮ አብሮት መጥቷል። ከከተማዋ ሲደርሱ ንጉሡ ለጀልበኛው ቅጥሩን አሳየው፦ ውጣና በላዩ ተመላለስ፣ መሠረቱን መርምር፣ ጡቡ በእሳት የተጠበሰ አይደለምን? ከዚያ ከተማውን፣ የተምር ተክሉን፣ ሸክላ የሚወጣበትን ጉድጓድና የኢሽታርን መቅደስ ቆጠረለት። ገጣሚው በግጥሙ መግቢያ ላይ ለአንባቢ ስለ ቅጥሩ የተናገረው ነው አሁን በጊልጋሜሽ አፍ የተነገረው። ቅጥሩ ድሮም እዚያው ነበር። ከሁሉም ሰው ይልቅ ራሱን ሲያይ የኖረው ንጉሥ ግን አሁን ለአንድ ሥራ አጥ እንግዳ ብዙ እጆች የሠሩትን ነገር እያሳየ ነው። ያሬድም የተመለሰው ወደ ገረፈው መምህር ነው። ሁለቱም ከተነሡበት ስፍራ ሌላ አገር አላገኙም፤ በቀድሞ ቦታቸው ላይ ከሰዎች ጋር የሚኖሩበትን ሁኔታ ግን ቀየሩ።

የጊልጋሜሽ ታሪክ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተገኘም፤ ቁርጥራጩ በየጊዜው ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 በኢራቅ ኩርዲስታን የሚገኘው የሱለይማንያ ሙዚየም አንድ የተሰበረ ጽላት ገዛ። ሊቃውንቱ ፋሩቅ አል ራዊና አንድሪው ጆርጅ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲያሳትሙት ስለ ዝግባው ደን ዘመቻ ቀደም ሲል የማይታወቁ መስመሮች ተገኙበት። በእነርሱ ውስጥ ደኑ በወፎች፣ በነፍሳትና በዝንጀሮዎች ድምፅ የተሞላ ነው፤ ሁምባባም በዚያ ዜማ እንደሚደሰት ንጉሥ ተቀምጧል። ከገደሉትና ዝግባውን ከቆረጡ በኋላ ኤንኪዱ ለወዳጁ ደኑን ምድረ በዳ አደረግነው፣ ለአምላካችን ለኤንሊል ምን ብለን እንመልሳለን ይላል። እስከ እ.ኤ.አ. 2014 ድረስ ብዙዎቹ የታሪኩ አንባቢዎች የጊልጋሜሽን ለውጥ የጀመሩት ከወዳጁ ሞት ነበር። አሁን ግን ከሞቱ በፊት፣ ገና በድል ላይ ሳሉ፣ ከሁለቱ አንዱ ያጠፉትን አይቶ መናገሩ ታውቋል። ጊልጋሜሽ ያን ጊዜ ሰምቶት ቢሆን መንገዱ ምን ያህል ሊያጥር ይችል እንደነበር ጽላቱ አይናገርም፤ ወዳጁ በድሉ መሀል የሚነግረውን የሚሰማ የዛሬ አንባቢ ግን ይህን በራሱ ሕይወት ሊፈትነው ይችላል።